ቆሟል ያልነው ግድግዳ

በዚያ ጠዋት በአይ ሩቂያ ግቢ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። መሐንዲሱ ሔኖክ ኮምፒውተሩን በድንጋዩ ደረጃ ላይ ከፍቶ፣ ፀሐዩን በጀርባው ከልሎ ቆሟል። ሁለቱ አናጢዎች፣ ሰሚርና ታደሰ፣ በትልቁ ክፍል በር ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ መዶሻና ሚስማር መንቀያ ይዘዋል። አይ ሩቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ ጣሪያውን በደገፉት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች መካከል፣ አንዱን ምሰሶ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ከውጭው በር አጠገብ ነበርኩ። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ከግድግዳው ራቅ ብዬ መቆም የሥራ ልማድ ሆኖብኛል።

በሐረር ግንብ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም። "አይ" በቤታቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው። አይ ሩቂያ ሰማንያ ሳያልፋቸው አይቀርም። የጓሮው ግድግዳ ዘመም በማለቱ ባለፈው መስከረም ድጋፍ ገባበት። ድጋፍ ያለበት ቤት ሰው እንዲተኛበት ስለማይፈቀድ እሳቸው አቦከር ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት፣ ሄደው ተቀመጡ። አሁን ግንቦት ነው። የተሰበሰብነው ምሰሶዎቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ለመቁረጥ ነበር። ከተነሱ አይ ሩቂያ ዛሬውኑ ቤታቸው ያድራሉ። ካልተነሱ ክረምቱን ሰው ቤት ይከርማሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ አንድ ክረምት ረጅም ነው።

ሔኖክ የጠራኝ ከእሱ የተሻለ አውቃለሁ ብሎ አይደለም። ይህን ቤት ቀድሞ ከለኩት ሰዎች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። እንዴት እንደለካነው ለመጻፍ ከሥራዬ መጀመሪያ መነሣት ይኖርብኛል።

ሥራ የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ ነው። ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ የመንገድና የሕንፃ ሥራ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት የስሌት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ፈተናው ረጅም ማካፈል ነበር፤ አለፍኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠዋት ጠዋት የሁላችንንም እርሳስ ጫፍ እየዞሩ ያያሉ። ያልተቀረጸ ካገኙ ራሳቸው ወስደው ይቀርጹታል፤ ያ ከቁጣ ይብስ ነበር። የምሠራበት የሒሳብ መኪና እጀታው የሚዞር ነበር። ማካፈል ላይ አንድ ዙር ካሳለፉት ደወል ይመታል፤ የእኔ ደወል ሲመታ ክፍሉ ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ ወደ ጂግጂጋ መንገድ ካምፕ ተላክሁ። እዚያ አቧራው የመኪናውን ጥርስ ስለበላው አብዛኛውን በእጄ አሰላሁ። ደመወዙ የካምፕ አበል ነበረበት፤ በተረፈ የምጽፍለት ነገር የለም።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ወደ ሐረር ተመለስኩ፤ የጀጎልን አሮጌ ቤቶች በሚከታተል አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ኀላፊው አቶ ዘለቀ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እንደ እኔ የከተማው ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ነበሩ፤ ግን የጀጎልን ቋንቋ ከጀጎል ሰው እኩል ይናገሩ ነበር፤ ኦሮምኛቸውም ገበያ ውስጥ አያሳፍርም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ልማዳቸውን ልጻፍ። ቤት ሲገቡ ግድግዳውን አያዩም። መጀመሪያ ቤተሰቡን "የሚያስቸግራችሁ በር የቱ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ትናንት በደህና የተዘጋ በር ዛሬ ነክሶ አልዘጋ ካለ ቤቱ ከቦታው መሄድ ጀምሯል ማለት ነው፤ ይህን መሣሪያ ሳይሆን የቤቱ ሴት ነች ቀድማ የምታውቀው። ቱንቢያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ይይዙታል። ክሩን ከጣሪያው ጫፍ አውርደው፣ ብረቱ እንዳይወዛወዝ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያስገቡታል። ዘይቱ ሲረጋ ነው የሚለኩት። እስኪረጋ ድረስ ከቤቱ ሰው ጋር ይጨዋወታሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል የማይወጣቸው ሰውዬ ተጫዋች ይሆናሉ። በስንጥቁ ላይ ደግሞ ጀሶ እንለጥፍበታለን፤ ስንጥቁ ከሰፋ ጀሶው ይሰነጠቃል።

ከሁሉ የማልረሳው ካርቶኗን ነው። ከሲጋራ ፓኮ የተቆረጠች ካርቶን ነበረቻቸው። አዲስ ልኬት ስናነብብ ያለፈውን በእሷ ይሸፍኑታል። "የድሮውን ካየሽ ዓይንሽ ወደዚያ ያዳላል" ይሉኝ ነበር። ቁጥሩን እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ያነባሉ፤ ካልተስማማን እንደገና።

ቀመራቸውን በቀላሉ መናገር ይቻላል። የተንቀሳቀሰ ግድግዳ መሬቱ ከሥሩ እየተጠቀጠቀ ሲሄድ እንቅስቃሴው እየቀነሰ ይመጣል። የዘንድሮው ከአምናው በተወሰነ እጅ ያንሳል፤ የከርሞው ደግሞ ከዘንድሮው በዚያው እጅ ያንሳል። እንዲህ እያነሰ የሚሄድ ነገር ቢደመር ቢደመር ከአንድ ልክ አያልፍም። እኔ አሰላለሁ፤ እሳቸው ባለ ካሬ መስመር ወረቀት ላይ ያሰምራሉ። መስመሩ መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ይተኛል። መስመሩ ሲተኛ ግድግዳው የት እንደሚያርፍ ታወቀ ማለት ነው። በብዙ ቤቶች ልክ ነበሩ። ቤተሰብ ያለ ምክንያት ከቤቱ እንዳይወጣ ያደረገው ያ ወረቀት ነው፤ ይህም መነገር አለበት።

አይ ሩቂያ ቤት የገባነው ወደ መንገዱ የሚያየው ግድግዳ ሆዱን ወጣ ባደረገ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው አው ዩሱፍ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። "አው" ለትልቅ ወንድ የሚጨመር ነው፤ አባት እንደማለት። የሥራ ጠረጴዛቸው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነበረች፤ ብርሃኑ ከላይኛው ቀዳዳ የሚወርደው እዚያ ስለሆነ። ድጋፍ ስናስገባ ጠረጴዛዋን ወደ ጨለማው ጥግ አዛወርንባቸው። ከዚያ ወዲያ በሄድን ቁጥር፣ "እነሆ፣ ዓይኔን የወሰዱት መጡ" እያሉ ይቀበሉን ነበር። አይ ሩቂያ ከጓዳ ሆነው፣ "ዓይንህማ ድሮውንም አልነበረም፤ እኔን ያገባኸኝ በጨለማ ነው" ይሏቸዋል። አቶ ዘለቀ ዘይቱ እስኪረጋ ይስቃሉ።

ከዓመት ዓመት ለካን። እንቅስቃሴው ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ። ጀሶው አልተሰነጠቀም። በመጨረሻ መስመሩ ወረቀቱ ላይ ተኛ። አቶ ዘለቀ ወረቀቱን ለአው ዩሱፍ ዘርግተው፣ ግድግዳው እንደቆመና ከዚህ ወዲያ ወዴትም እንደማይሄድ ነገሯቸው።

አው ዩሱፍ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። "ኢንሻአላህ በሉበት እንጂ" አሉ።

አቶ ዘለቀ ሳቁ። "አው ዩሱፍ፣ ይሄ እኮ ሒሳብ ነው። ኢንሻአላህ እዚህ ወረቀት ላይ አይሰመርም።"

"እንግዲያው እኔ ልበልላችሁ" አሉና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

ለመሥሪያ ቤቱ ያቀረቡት ጽሑፍ ከዚህ የተጠነቀቀ ነበር። ግድግዳው እስካሁን በተወሰደው ልኬት መሠረት መንቀሳቀሱን ማቆሙን የሚገልጽ ነበር። በዚያ ጊዜ የነበሩት የበላይ አለቃችን ግን ረጅም ነገር አይወዱም። የቤቶቹን ሁሉ ሁኔታ በአንድ ገጽ ሲያጠቃልሉ ከአይ ሩቂያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ቃል ብቻ አኖሩ፤ "ቆሟል"። አቶ ዘለቀም ሲያዩት አልተቃወሙም፤ የራሳቸው ቃል ነበር። ለእሳቸው ቆሟል ማለት መሄዱን ተወ ማለት ነው። ለአለቃችን ጸንቶ ቆሟል ማለት ሆነ። ምሰሶዎቹ ተነቅለው ሌላ ቤት ሄዱ። አው ዩሱፍ ጠረጴዛቸውን ወደ ብርሃኑ መለሱ።

ከዚያ በኋላ በተወሰደው ልኬት ቱንቢው ከቀመሩ ጥቂት አለፈ። ካርቶኗን አንሥተን ከቀድሞው ጋር ስናስተያየው ነው ያየነው። ትንሽ ነበር። ጀሶው ደህና ነው። ስለዚህ ክሩ ረዝሞ ይሆናል ብለን ክሩን ለወጥን። በሚቀጥለው ጊዜም አለፈ፤ ዘይቱን ለወጥን። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ተኝቶ ስለነበር ስህተቱን በመሣሪያው ፈለግን እንጂ ግድግዳው ይሄዳል ብለን አላሰብንም። የዚያን ዓመት ጎረቤት ቤቱን ሲያድስ አሸንዳውን ወደ መንገዱ፣ ወደዚያ ግድግዳ እግር አዙሮ ነበር። ሁላችንም በአሸንዳው ሥር እያለፍን ነበር የምንገባው።

ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ ግድግዳው ወደቀ። አይ ሩቂያ ገበያ ነበሩ። አው ዩሱፍ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

ስንደርስ ሰፈርተኛው ድንጋዩን አንሥቶ አስከሬኑን አውጥቶ ነበር። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል። መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ የግድግዳ ቁራጭ ከነልስኑ ሳይፈርስ ወድቋል፤ በላዩ ላይ የእኛ ጀሶ አለ። አልተሰነጠቀም። አቶ ዘለቀ ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ስንጥቁ አልሰፋም ነበር፤ ግድግዳው ከነስንጥቁ፣ ከሥሩ ነው የሄደው።

ለቅሶ ስንቀመጥ አይ ሩቂያ ውሃ በብርጭቆ አምጥተው በእጄ ሰጡኝ።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ዘለቀ ቢሮ ገብተው ወንበራቸውን ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ጎትተው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የሒሳብ መኪናው ቀርቶ በባትሪ የሚሠራ ማስያ ነበረኝ። የአው ዩሱፍን ግድግዳ ቀመር እንዳወጣ ነገሩኝ። የመጀመሪያውን ዘመም በእጥፍ አድርጌ እንዳሰላ አዘዙኝ። አሰላሁ፤ ቆመ። "እንደገና እጥፍ" አሉ። ቆመ። እንዲህ እያልን የግድግዳው አናት ከመንገዱ መሀል ደረሰ፤ ቆመ። መንገዱን ተሻግሮ ጎረቤት ቤት ገባ፤ እዚያም ጥቂት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቆመ። የትኛውንም ቁጥር ብንሰጠው መስመሩ መጨረሻ ላይ ይተኛል። አቶ ዘለቀ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"አስካለ፣ እኔ በዚህ ውስጥ መውደቅን አልሠራሁበትም" አሉ። "የሠራሁት መቆምን ብቻ ነው። ቢጠየቅ ቢጠየቅ ሌላ መልስ የለውም።"

ምርመራ ተደረገ። ማንም አልተቀጣም፤ ቀመሩ ትክክለኛ ቀመር ነው ተባለ። አቶ ዘለቀ ለብዙ ዓመት ሠሩ፤ ግን "ቆሟል" የሚለውን ቃል በጽሑፍም በአፍም ሲጠቀሙ አልሰማሁም። ሰዓታቸው ሲቆም እንኳን፣ "ይህች ሰዓት አትሠራም" ነበር የሚሉት። በማንኛውም አዲስ ቀመር ላይ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ግድግዳውን ሊጥል የሚገባ ቁጥር እንድሰጠው ያደርጉኝ ነበር። "መጀመሪያ ጣይው" ይላሉ። መውደቅ እምቢ ካለ ቀመሩን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በቀሪው የሥራ ዘመኔ ከኮምፒውተር ጋር ስሠራም ይህን አልተውኩም። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ይቀልዱብኝ ነበር፤ "እትዬ አስካለ ዛሬ ስንት ቤት አፈረሱ?" ይሉኛል። ቀልደው ሲያበቁ ግን እነሱም ያደርጉት ነበር። ጡረታ ስወጣ ጋቢ ሰጡኝ። አቶ ዘለቀ ያን ጊዜ አርፈው ነበር።

ወደ ግቢው ልመለስ።

ሔኖክ የሚሠራው ከአቶ ዘለቀ ወረቀት ጋር አይወዳደርም። በጓሮው ግድግዳ ላይ የተከላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ዘመሙን ቀንና ሌሊት ይልኩለታል፤ ኮምፒውተሩ አፈሩንም፣ ድንጋዩንም፣ እርጥበቱንም ያሰላል። አጠገቡ ሄጄ መስመሩን አየሁት። ተኝቷል።

"ይሄኛው መውደቅ ያውቃል?" አልኩት።

"ጥዬዋለሁ፣ እትዬ። መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው" አለና አሳየኝ። ውሃው ከመሠረቱ ሥር ከፍ ሲል ስዕሉ ላይ ያለው ግድግዳ ቀላ፣ ከዚያ ስሌቱ ተቋረጠ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ነገርኩት። እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሣሪያዎቹን የተከላቸው ዝናቡ ካበቃ በኋላ እንደሆነ፣ ዘንድሮ ደግሞ በልጉ እንደቀረ ነገረኝ። "ይህ ግድግዳ በእኔ ልኬት ውስጥ ዝናብ አይቶ አያውቅም። የዝናቡን ጠባይ ከሌላ ቤት ግድግዳ ነው የተዋስኩለት።"

"በተዋስከው ምን ይላል?"

"ይቆማል ይላል።"

ቢሮው የሚቀበለው ከሁለት አንዱን ብቻ ነው፤ ቆሟል ወይም አልቆመም። ምሰሶዎቹን የሚጠብቅ ሌላ ቤትም አለ፤ ከነልጆቹ ደጅ የሚያድር ቤተሰብ። ሔኖክ የቸገረው ይህ ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

አይ ሩቂያ ከውስጥ ተጣሩ። "አስካለ፣ በር ላይ እንደ ዘበኛ የምትቆሚው ምን ልትሆኚ ነው? ግቢ።" ገባሁ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ሰፌዶቹ ሁሉ ከግድግዳው ወርደው አቦከር ሄደዋል። አይ ሩቂያ ወደ ሔኖክ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ይህ ሳጥንህ ኢንሻአላህ የሚል ቁልፍ የለውም?"

"እስካሁን አልተሠራለትም፣ አይ" አለ ሔኖክ።

ሰሚር ሳቀ። አይ ሩቂያ አልሳቁም። ምሰሶውን እንደያዙ ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ልጁን አላውቀውም፤ አንቺን አውቅሻለሁ። ልጄ ቤት ሁሉ ነገር አለ፤ ግን ቤቴ አይደለም። ወላሂ መግባት እፈልጋለሁ፤ እዚህ፣ ቤቴ። ንገሪኝ፤ ቆሟል ወይስ አልቆመም?"

"ዛሬ ቆሟል" አልኳቸው። "በክረምቱ ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።"

"ያን ጊዜ እንዲህ ያለን የለም" አሉ።

"የለም፣ አይ ሩቂያ።"

እጃቸውን ከምሰሶው አነሡ። ለሰሚር በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገሩት፤ መንቀያውን መሬት አስቀመጠ፤ ታደሰም እሱን አይቶ አስቀመጠ። ሔኖክ ስልኩን አውጥቶ ግድግዳው አልቆመም ብሎ እንደሚያስገባ፣ ለሌላው ቤት ሌላ እንጨት እንዲፈለግ ለቢሮው ተናገረ። ከወዲያ በኩል የሚጮህ ድምፅ ነበር፤ ሔኖክ ሰምቶ ሲጨርስ ያንኑ ደገመው።

ሁላችንም ወጣን። አይ ሩቂያ በሩን ራሳቸው ቆለፉ። በሩ ነከሰ፣ ቁልፉ አልዞር አላቸው፤ ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ሔኖክ ይህን አየና በሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስቸግር ጠየቃቸው። እሳቸው ሲመልሱለት እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"መስከረም ላይ ሲለኩት ትመጫለሽ?" አሉኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኩና በውጭው በር ወጣሁ።